ሩዙን እምቦጭ ያደረገው ካርታ፦ አንድ የጣና ሥራ በቀስትና በቅንፍ ሲታቀድ

ጥያቄው ሁለት መስመር ነበር። ጣና ላይ እምቦጭ ስንት ሄክታር ይዟል? በ2013 ከነበረውስ ቀንሷል?

ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ጥያቄውን ያመጣው መሥሪያ ቤት መልሱን ለስብሰባ ይፈልገው ነበር። እኛ ሦስት ነን። አንዷ ባልደረባችን የሳተላይት ምስል ላይ ብዙ የሠራች ናት። ሌላው የግብርና ባለሙያ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ከጣና በስተምሥራቅ ባለው ፎገራ ነው። እኔ ካርታ እሠራለሁ። ጊዜው ጠባብ ስለነበር በቀጥታ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ ሶፍትዌር ከፈትንና ወደ ሥራ ገባን።

በሁለት ቀን ሁለት ካርታ ወጣ፤ አንዱ የ2013፣ አንዱ የ2015። በ2013ቱ ካርታ የሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ በቀይ ተሞልቷል። በ2015ቱ ቀዩ በጣም ቀንሷል። ደስ የሚል ዜና ነበር። እውነት መስሎን ልንልከው ስንል የግብርና ባለሙያው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን የ2013ቱ ካርታ ላይ አንድ ቀይ ቦታ ላይ አሳረፈ።

«ይሄ እኮ የአጎቴ ሩዝ ነው» አለ። ቀጥሎ ጣቱን ወደ 2015ቱ ካርታ ወሰደ። «እዚህ ደግሞ የለም። አጎቴ ግን ዘንድሮም ዘርቷል።»

በዚህ አንድ ንግግር ሁለት ስህተት ተገለጠ። አንደኛ፣ ሩዝ እምቦጭ ተብሎ ተቆጥሯል። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ዓመታት መካከል የሆነ ነገር ተቀይሮ ያልጠፋ ሩዝ ጠፍቶ ታይቷል። ሩዙ በሐሰት ከጠፋ እምቦጩም በሐሰት ጠፍቶ ይሆናል።

ስህተቱን ለመፈለግ ወደ ኋላ ስንመለስ ሌላ ችግር ገጠመን። ምን ምን እንደሠራን ከሦስታችን አንዱም በቅደም ተከተል ሊናገር አልቻለም። ፎልደሩ ውስጥ «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል የተቆረጠ» የሚሉ ፋይሎች አሉ። የትኛው ከየትኛው እንደወጣ የሚናገር ነገር የለም። ያኔ ሶፍትዌሩን ዘጋነውና ሥራውን በጽሑፍ መጻፍ ጀመርን። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ለምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ

ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። በሄክታር 300,000 መሆኑ ነው። እንግዲህ አንድ በመቶ ብንሳሳት 3,000 ሄክታር ተሳሳትን ማለት ነው። በእጅና በማሽን አረም ለሚነቅል ሰው ይህ የብዙ ወራት ሥራ ነው።

እምቦጭ መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። በአገራችን ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ ከታየ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይህችን 2011 ያዙልኝ፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ችግሩ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ በጣም ሜዳ መሆኑ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚገቡት በፎገራ ሜዳ በኩል ነው። ውኃው በክረምት መጨረሻ ሲሞላ ሩቅ ድረስ ይገባል፤ በበጋ ይሸሻል። ገበሬው የሸሸውን ውኃ ተከትሎ ይዘራል። ስለዚህ «የሐይቁ ዳር የት ነው?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ቦታ ላይ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጥቅምት ላይ ሩዙ ገና ያልታጨደ ስለሆነ ማሳው ለምለም ነው። አጠገቡ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል አለ። እምቦጩም አለ። ከሰማይ ሲታዩ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።

ስድስት መስመር

የጽሑፍ ፍሎውቻርት፣ ማለትም የሥራ ቅደም ተከተል ንድፍ፣ ስንል የተለየ ፕሮግራም አያስፈልገውም። አራት ምልክት ተስማማን። ዳታ የሆነ ነገር በካሬ ቅንፍ ይጻፋል። ሥራ በክብ ቅንፍ። አዎ ወይም አይ የሚባልበት ጥያቄ በሾጣጣ ቅንፍ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ በቀስት። በቃ።

መጀመሪያ የጻፍነው «ማድረግ ያለብንን» አይደለም። ያደረግነውን ነው። እንዲህ ይላል፦

[የጥቅምት ወር ምስሎች በሙሉ]
→ (ከደመና የጸዳውን ከየምስሉ መርጦ አንድ ላይ ማዋሐድ)
→ (ኤንዲቪአይ የሚባለውን የልምላሜ መለኪያ ማስላት)
→ (ከ0.5 በላይ የሆነውን እምቦጭ ማለት)
→ (በሐይቁ ወሰን መቁረጥ)
→ [ሄክታር]

ይህን ቴሌግራም ላይ ለሦስታችን ላክሁት። የግብርና ባለሙያው ወዲያው ጠየቀ። «በሐይቁ ወሰን ከቆረጣችሁ የአጎቴ ማሳ እንዴት ገባ? ማሳው የብስ ላይ ነው።»

መልሱ ያኔ ትዝ አለኝ። እምቦጭ ዳር ዳሩን ስለሚበዛ እንዳያመልጠን ብዬ የሐይቁን ወሰን በፈር በሚባለው የወሰን ማስፊያ መሣሪያ 500 ሜትር ወደ ውጭ አስፍቼው ነበር። በአንዲት ጠቅታ የተሠራ ነገር ነው። የትም አልጻፍኩትም። ካርታው ላይም አይታይም። እሱ ባይጠይቅ ኖሮ ለዘለዓለም ተደብቆ ይቀር ነበር። ስለዚህ ከመቁረጡ በፊት አንድ መስመር ገባ፦ → (ወሰኑን 500 ሜትር ማስፋት)። ከጎኑ «ለምን?» ብለን ጻፍን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኪውጂአይኤስ የራሱ ሞዴል ዲዛይነር አለው። አርክጂአይኤስ ሞዴልቢልደር አለው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱንም እጠቀማለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ዝግጁ የሆኑ መሣሪያዎችን ነው የሚያሰልፉት። ሳጥኑ «በፈር» ይላል። ለምን በፈር እንዳስፈለገ አይጠይቅም። ደግሞ ፋይሉን ለመክፈት ሶፍትዌሩ ያስፈልጋል። የግብርና ባለሙያው ላፕቶፕ አልያዘም፤ ያለው ስልክ ነው። ጽሑፉ ግን ስልኩ ላይ ይከፈታል፣ በስልኩ ያርመዋል፣ መልሶ ይልካል። በአጎቱ ማሳ ዳር ቆሞም ቢሆን።

ቀስቶቹን መመርመር

ከዚያ አንድ ደንብ አወጣን። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ እንቆማለን፤ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ከቀስቱ በፊት ያለው ነገር በትክክል ምንድን ነው? ከቀስቱ በኋላ ያለው ሥራ የሚፈልገው ምን ዓይነት ነገር ነው? ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቀስቱ ውሸት ነው።

መጀመሪያ የሐይቁ ወሰን ላይ ቆምን። ወሰኑን የያዘው ፋይል (ሼፕፋይሉ) ፎልደር ውስጥ የነበረ ነው። ማን እንደሠራው አልተጻፈም። ስናጣራ ከድሮው 1፡50,000 የቶፖግራፊ ካርታ ላይ የተቀዳ ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም ቦታ የሚለካበት መነሻ፣ ነው። ጂፒኤስና ምስሎቻችንን ያነሣው የአውሮፓ ሳተላይት ሴንቲነል የሚሠሩት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ነው። ሁለቱም በሜትር በሚለካው የካርታ ፍርግርግ፣ በዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ስለሚጻፉ ቁጥሮቹ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ግን ያው ቦታ በሁለቱ መካከል ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። በሴንቲነል 10 ሜትር ፒክስል ከቆጠርነው ከ20 ፒክስል በላይ መሆኑ ነው።

የአዲንዳንን ቁጥር እንደ ደብሊውጂኤስ ካነበብነው ወሰኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይንሸራተታል። በምዕራብና በደቡብ በኩል የብስ መሬት ሐይቅ ይሆናል። በሰሜንና በምሥራቅ ደግሞ እውነተኛው ውኃ ይቀራል። የእኔ 500 ሜትር በፈር ይህንን ስህተት ሸፍኖት ነበር። አንዱ ስህተት ሌላውን ሲሸፍን ካርታው ጤነኛ ይመስላል። በጣም የሚያስፈራኝ እንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሁለተኛው ቀስት ከምስሉ ወደ ኤንዲቪአይ የሚሄደው ነው። ኤንዲቪአይ ቀላል ስሌት ነው። ቅርብ ኢንፍራሬድ ከሚባለው ባንድ ቀዩን ቀንሶ ለድምራቸው ማካፈል ነው። ለምለም ተክል ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ ንጹሕ ውኃ ዝቅ ያለ። የቆምንበት ጥያቄ ይህ ነበር፦ የ2013ቱ ምስልና የ2015ቱ ምስል ቁጥሮች አንድ ዓይነት ናቸው?

አልነበሩም። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ከጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 25 ቀን 2022) ጀምሮ የሴንቲነል 2 ምስሎችን በአዲስ ስሪት፣ በ04.00፣ ማቀነባበር ጀመረ። በዚህ ስሪት እያንዳንዱ የፒክስል ቁጥር ላይ 1000 ተጨምሯል። ተጠቃሚው መልሶ መቀነስ አለበት። በይፋ የተነገረ ነገር ነው። ግን ምስሉን አውርዶ በቀጥታ የሚያሰላ ሰው አያየውም።

በቁጥር ላሳያችሁ። ቀዩ 400፣ ኢንፍራሬዱ 3000 የሆነ አንድ ለምለም ፒክስል እንውሰድ። 2600 ለ3400 ሲካፈል 0.76 ይሆናል። አሁን ሁለቱም ላይ 1000 ይጨመር። ልዩነቱ ያው 2600 ነው፤ ድምሩ ግን 5400 ሆነ። ውጤቱ 0.48። ተክሉ ምንም አልሆነም። እኛ ግን ከ0.5 በላይ ያለውን ነበር እምቦጭ ያልነው። ስለዚህ ያ ፒክስል በ2013 እምቦጭ ነው፤ በ2015 ውኃ ነው። የአጎቱ ሩዝ የጠፋው እንዲህ ነው። «እምቦጩ ቀነሰ» የሚለው ዜናችንም ከዚህ ነበር የመጣው።

ባልደረባችን ይህን ባገኘች ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም። ያ ካርታ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ አረሙን ለመንቀል የሚመደበው ገንዘብ ሊቀነስ ይችል ነበር። ዳር ላይ ያሉት ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ግን እምቦጩ እንዳለ ያያሉ።

ቀኑ የማን ቀን ነው?

ሦስተኛው ነገር የሌላ አገር መመሪያ ውስጥ አይገኝም። ውጤታችንን ከመስክ ነጥቦች ጋር ለማመሳከር በ2013 የተሰበሰቡ የጂፒኤስ ነጥቦች ነበሩን። የሰበሰቧቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው። ቀኑ 10/2/13 ይላል።

ምን ማለት ነው? ኤክሴል የራሱን ትርጉም ሰጠው። ከእኛ አንዱ ደግሞ ዓመቱ የኛ መሆኑን አይቶ 7 ጨመረና 2020 አደረገው። ወሩንና ቀኑን ግን አልነካም። ስለዚህ «ኦክቶበር 2፣ 2020» ተብሎ ተነበበ። ትክክለኛው ጥቅምት 10 ቀን 2013 ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 20 ቀን 2020። የ18 ቀን ስህተት ነው።

ለደን ወይም ለቤት ካርታ 18 ቀን ምንም ላይሆን ይችላል። ለተንሳፋፊ አረም ግን ብዙ ነው። ስለዚህ በፍሎውቻርቱ ላይ ነጥቦቹ የገቡበት ሳጥን እንዲህ ሆነ፦ [የመስክ ነጥቦች፤ ቀን በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር፤ ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ተጽፎ]። የሰዓቱም ነገር ያው ነው። ጠዋት 4 ሰዓት ብሎ የጻፈና 10፡00 ብሎ የጻፈ አንድ ሰዓት ላይ ነው የነበሩት፤ ኮምፒውተሩ ግን ስድስት ሰዓት ያራርቃቸዋል።

ጀልባው ላይ

ከሁሉ ትልቁን ስህተት ያገኘው ግን ከሦስታችን አንዱም አይደለም።

ኅዳር ላይ ወደ ሐይቁ ወጣን። ጀልባውን የሚነዱት ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ምን እንደምንሠራ ጠየቁን። እኔም ስልኬን አውጥቼ ፍሎውቻርቱን አነበብኩላቸው። ቀስቱን «ከዚያ» እያልኩ። የወሩን ምስሎች እንሰበስባለን፤ ከዚያ ከደመና የጸዳውን እየመረጥን አንድ ላይ እናዋሕዳለን፤ ከዚያ አረንጓዴውን እንለያለን።

ሞተሩን አጠፉና ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። እምቦጩ በወር ውስጥ አንድ ቦታ ይቀመጣል ብላችሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ማታ እዚህ የነበረው በነፋስ ጠዋት ማዶ ሄዶ እንደሚገኝ፣ መረባቸውን ጥለው ያደሩበት ቦታ ሲነጋ ተዘግቶ የሚያገኙበት ጊዜ እንዳለ ነገሩን። አንዱን ሦስት ጊዜ አትቁጠሩት ልጄ፣ አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ደመና ለማስወገድ ብዙ ምስል ማዋሐድ በጣም የተለመደ ዘዴ ነው። ለእርሻ፣ ለደን፣ ለከተማ ይሠራል፤ ምክንያቱም መሬት አይንቀሳቀስም። ያኔ ሁለቱ የሴንቲነል 2 ሳተላይቶች አንድ ቦታ ላይ በየ5 ቀኑ ይደርሱ ነበር። በወር እስከ ስድስት ምስል ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከሁሉም ምስል ከፍተኛውን ኤንዲቪአይ ነበር የምንወስደው። እንግዲህ 10 ሄክታር የሆነ አንድ የእምቦጭ ምንጣፍ በሦስት ምስል ሦስት ቦታ ቢገኝ ካርታው 30 ሄክታር ይላል። ሦስቱም ቦታ አረንጓዴ ነበር፤ ግን አንድ ቀን አልነበረም።

ባልደረባችን የሳተላይት ምስል በደንብ ታውቃለች። እኔም ካርታ አውቃለሁ። ያንን መስመር ሃያ ጊዜ አይተነዋል። ያላየነው ሐይቁን ስለማናውቀው ነው። ጋሼ ኤንዲቪአይ ምን እንደሆነ መስማት አላስፈለጋቸውም። መስመሩ በአማርኛ ስለተጻፈ፣ በተራ ቋንቋ ስለተጻፈ፣ ሲነበብላቸው ስህተቱ ጆሯቸው ላይ አረፈ። ያንኑ ነገር በሶፍትዌር ሥዕል፣ በእንግሊዝኛ ስያሜ ባሳያቸው ኖሮ በትሕትና ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም ይሉ ነበር።

እዚያው ጀልባው ላይ ሁለተኛውን መስመር ሰረዝኩት።

ወሰኑን እንደገና መሥራት

አሁን የቀረው የሐይቁ ወሰን ነው። የድሮውን ካርታ ዳተም ቀይረን ልንጠቀምበት እንችል ነበር። ግን ያ ወሰን አንድ መስመር ነው። የጣና ዳር ደግሞ ከበጋ ክረምት ይሄዳል፣ ይመጣል።

በአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል የተዘጋጀ የዓለም የገጽ ውኃ ዳታ አለ። ላንድሳት ከሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ምስሎች የተሠራ ነው፤ ፒክስሉ 30 ሜትር ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ የትኛው ቦታ ቋሚ ውኃ፣ የትኛው ወቅታዊ ውኃ እንደሆነ በየዓመቱ ይናገራል። ደስ ብሎን ያለውን ዘመን በሙሉ ልንወስድ ነበር። ቀስቱ ላይ ስንቆም ግን 2011 ታወሰችን። እምቦጭ ለብዙ ወራት የሸፈነው ውኃ በዚህ ዳታ ላይ ውኃ ሆኖ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ አረሙ በጣም የበዛበት ቦታ ራሱ ከወሰኑ ውጭ ሊወድቅ ነው። የምንፈልገውን ነገር በራሳችን መቀስ ቆርጠን ልንጥለው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከእ.ኤ.አ. 2011 በፊት ያሉትን ዓመታት ብቻ መውሰድ።

ደንገሉም በዚሁ መንገድ ተለየ። ደንገል ሥር ሰዶ ቆሞ ይኖራል። እምቦጩ ሳይመጣ በፊት በተነሡ የላንድሳት ምስሎችም ላይ፣ ዛሬም በዚያው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ የሐይቅ ዳር ነባር ተክል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህ ፍጹም አይደለም። ደንገሉ መሐል የተወሸቀ እምቦጭ ያመልጠናል። ይህንንም መስመሩ ጎን ጻፍነው።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፦

ሀ [የሴንቲነል 2 ምስል፤ የአንድ ቀን ብቻ]
ለ [ቋሚ ውኃ፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 በፊት]
ሐ [ወቅታዊ ውኃ፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 በፊት]
መ [ነባር የዳር ተክል፤ ከእ.ኤ.አ. 2011 በፊት]
ሠ [የመስክ ነጥቦች፤ ቀን በሁለቱም ዘመን]

ሀ → <የማቀነባበሪያ ስሪቱ 04.00 ወይም ከዚያ በላይ ነው?>
አዎ → (ከየባንዱ 1000 መቀነስ) → ረ
አይ → ረ

ረ (ደመናና የደመና ጥላ ማውጣት) → <ከሐይቁ የሚታየው ይበቃል?>
አይ → ወደ ሀ፤ ሌላ ቀን መምረጥ፤ ማዋሐድ የለም
አዎ → (ኤንዲቪአይ) → (አረንጓዴውን መለየት) → ሰ

ለ፣ ሐ፣ መ → (ወደ ደብሊውጂኤስ 84 ዩቲኤም 37 ሰሜን መቀየር) → ሸ

ሰ + ሸ → (ከመ ጋር የሚገጥመውን ማውጣት)
→ በለ ውስጥ ያለው → [ሄክታር፤ ክፍት ውኃ ላይ]
→ በሐ ውስጥ ያለው → [ሄክታር፤ ወቅታዊ ዳር ላይ፤ ሩዝ ሊኖርበት ይችላል]

ሠ → <ከምስሉ ቀን ጋር ይገጥማል?>
አዎ → (ውጤቱን ማመሳከር)
አይ → አለመጠቀም

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የስሪቱ ጥያቄ የሚጠይቀው ምስሉ የተነሣበትን ቀን አይደለም። ኤጀንሲው የድሮ ምስሎችንም በአዲስ ስሪት እንደገና ያቀነባብራል። ዛሬ የምታወርዱት የ2013 ምስል 1000ው ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ፋይሉ ላይ የተጻፈው የስሪት ቁጥር ነው። ጉግል ኧርዝ ኢንጂን የምትጠቀሙ ከሆነ ሃርሞናይዝድ የሚባለው ስብስብ ይህን ያስተካክልላችኋል።

ሁለተኛ፣ የገጽ ውኃው ዳታ የሚመጣው በዲግሪ ነው። ሳይቀየር ስፋት ቢሰላ ውጤቱ በካሬ ዲግሪ ይሆናል፤ ሄክታር አይሆንም። ወደ ዩቲኤም የመቀየሩ መስመር ለዚህ ነው ራሱን ችሎ የቆመው።

ሥራው ራሱ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ዕቅዱ ከሁለት ሳምንት በላይ ወስዶ ነበር። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሲሰማ ሊያዝን ይችላል። እኔ አላዝንም።

ያልተመቸን

የጽሑፍ ፍሎውቻርት ቅርንጫፍ ሲበዛበት ይጠላለፋል። ከሃያ መስመር ካለፈ ሰው ማንበብ ያቆማል። ለዚህ ነው እንደ ሀ፣ ለ፣ ሐ ያሉ ፊደላትን ለመሸጋገሪያ የተጠቀምነው። ደመና የማውጣቱንም ሥራ ወደ ሌላ ፋይል ወሰድነው። ለስብሰባ ሥዕል ሲያስፈልግ በመርሜይድ ቀየርነው። መርሜይድ ጽሑፍን ወደ ሥዕል የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ጊትሃብም በቀጥታ ያሳየዋል። የአማርኛ ስያሜን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ብታስገቡት ይሻላል፤ አለበለዚያ ቅንፍ ያለበት ስያሜ ያበላሸዋል። በግራፍቪዝም ሞክረናል። እሱ ግን የግእዝ ፊደል ያለበት ፎንት ካልነገራችሁት ባዶ ካሬዎች ያወጣል።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ቁጥር ነበር የጠየቀው። ሁለት ሰጠነው፤ ክፍት ውኃ ላይ ያለውንና ወቅታዊ ዳር ላይ ያለውን ለየብቻ። መጀመሪያ አልወደዱትም። ፍሎውቻርቱን በአንድ ገጽ አያይዘን፣ «ሩዝ ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን መስመር አሳየናቸው። ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ባለቤቱ መሥሪያ ቤቱ ነው። «በጣም ቀንሷል» የሚለው ግን ከሪፖርቱ ወጥቷል።

ፋይሉ አሁንም ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አለ። ከሪፖርቱ በኋላ የግብርና ባለሙያው ከፎገራ አንድ መስመር ጨመረበት። ለወቅታዊው ዳር ለምን ጥቅምት ላይ እንታገላለን? ሩዙ እስኪታጨድ እንጠብቅ አለ። ማሳው ገለባ ሲሆን እምቦጩ ለምለም እንደሆነ ይቆያል። በጣም ደስ አለኝ፤ ስንት ቀን በስሌት ስንፈልገው የነበረውን መለያ በአንድ መስመር አመጣው፦

<ሩዙ ታጭዷል?> አዎ → (ከአጨዳ በኋላ የተነሣ ምስል መውሰድ) → ሐ

በማግሥቱ ራሱ መልሶ አረመው። የፎገራ ገበሬ ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ጓያም አረንጓዴ ነው። አሁን የፋይሉ የመጨረሻ መስመር <ይህ አረንጓዴ ጓያ ነው?> ይላል። ከጥያቄው በኋላ ቀስት የለም። አጎቱን ጠይቆ፣ ማሳ ለማሳ ዞሮ፣ መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚነቀል ቀኑን እየጻፈ ነው። በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር።